ከደጋ የወረዱ ድንጋዮች

የቀለም ሽታ ድሮም አልወድም። ባለፈው ሳምንት መተማ ዮሐንስ ከሚኒባስ ስወርድ ግን፣ ትኩስ ቀለም በዚያ ሙቀት ግሎ አፍንጫዬን ሲመታኝ፣ ታድሷል የተባለውን የጦር መታሰቢያችንን ገና ሳላየው ጠረጠርኩት።

በልጅነቴ እዚያ ቦታ የነበረው የድንጋይ ካብ ነው። የእኛ ቆላ አፈሩ ዋልካ ነው፤ ክረምት እግር ይውጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ ድንጋይ ግን ፈልገው አያገኙበትም። ስለዚህ ከደርቡሽ ጋር ሲዋጉ እዚህ የወደቁት ደገኞች ራስጌያቸው ላይ የሚቆምላቸው አጡ። ታዲያ ዘመዶቻቸው ሰሊጥ ሊያጭዱ በየዓመቱ ሲወርዱ፣ የሞተው ሰው የአገሩ ድንጋይ ይድረሰው እያሉ፣ ከስንቃቸው ጋር አንዳንድ ድንጋይ ይዘው ይመጡ ነበር። የጎጃሙ ቀይ፣ የወሎው ግራጫ፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቀው ነጭ፣ ሁሉም እዚያው ይደረደራል፤ ዝናብ ሲያጥበው ካቡ ዝንጉርጉር ሆኖ ያምር ነበር።

አባቴ ከጎጃም ሲወርድ ያመጣው የተሰበረ የወፍጮ መጅ ነው። አያቱ በዚያ መጅ የተፈጨ በሶ ሰንቆ ዘምቶ በዚያው ቀርቷል። እኛ ልጆች የዲማ ዛፍ ፍሬ በመጁ እየፈለጥን ነጭ ዱቄቱን አፋችን እስኪነጣ ስንልስ፣ የሰፈር እናቶች መቃብር ደፈሩ ብለው ይጮሁብናል፤ አባቴ ግን ይስቃል። "ተዉአቸው፣ አያቴም የቤቱ መጅ ሲንኳኳ ይስማ እንጂ!" ይላቸው ነበር። አባቴ ካረፈ ወዲህ በዓመት አንዴ እየሄድኩ ያን መጅ እዳብሰው ነበር።

አሁን በቦታው የመታጠቢያ ቤት ግድግዳ የመሰለ፣ ሴራሚክ የለበሰ ግንብ ቆሟል። ዙሪያውን የብረት አጥር፣ በሩ ላይ ዘበኛ። ድንጋዮቹስ ብዬ ሥራውን የሚመራውን ወጣት ብጠይቀው ፈገግ አለልኝ።

"ፍርስራሹን ነው እናቴ? የመኪና ማቆሚያው ጭቃ አስቸግሮን ሞላንበት።"

ፍርስራሽ! ስንቱ በትከሻው ተሸክሞ ያወረደውን አንድ ገልባጭ መኪና ጠራርጎ ወሰደው፤ ዛሬ ወደ ሱዳን ለማለፍ ተራ የሚጠብቅ ተሳቢ ሁሉ ይቆምበታል። ከአገሩ ሽማግሌ አንድ እንኳ ጠርተው ቢጠይቁ ምን ነበረበት? ኩል ሊኳሉ ዓይን ማጥፋት የሚባለው ይኸው ነው።

ልመለስ ስል አንድ ማጭዱን በትከሻው ያንጠለጠለ ጎጃሜ የቀን ሠራተኛ በሩ ላይ ከዘበኛው ጋር ይነጋገራል። በእጁ ቀይ ድንጋይ ይዟል። ዘበኛው ቆሻሻ መጣል ክልክል ነው እያለ ይመልሰዋል። ሰውየው ግራ ገብቶት ወደ እኔ ዞረ።

"እማማ፣ ታዲያ የት ላኑርለት?"

ድንጋዩን ተቀብዬ፣ አደራውን ተሸክሜ ወደምኖርበት ገንዳ ውሃ ገባሁ። የአባቴ መጅ ከተሳቢ ጎማ ሥር ነው፤ ይህኛውን ግን አልሰጣቸውም። ደጃፌ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ጎረቤት ይህ ምንድነው ሲለኝ፣ እንግዳ ነው እላለሁ፤ ለዘመዱ መጥቶ፣ አላስገባም ብለውት እኔ ዘንድ ያደረ።