ያለ ደብዳቤ የመጣው ኩሽኔታ

ከጅማ ወጣ ብላ ካለችው የቡ ከተማ አጠገብ ያለው የመንግሥት ቡና ማጠቢያ ኃላፊ ሆኜ የተመደብኩት በደብዳቤ ነው። ከወላይታ ተነሥተህ ጅማ ትሄዳለህ አሉኝ፤ ሄድኩ። በደርግ ጊዜ ሰው እንደ ጆንያ ነበር፤ የትም ጭነው የትም ያወርዱታል። ከእኔ በፊት የነበረው ኃላፊ መፈልፈያው ማሽን ቆሞበት ቡና ስለተበላሸ «አሻጥረኛ» ተብሎ ታስሯል። ስለዚህ የዚያን ማሽን ድምፅ እንደ ታማሚ ትንፋሽ ነበር የማዳምጠው።

አንድ ጠዋት ገበሬው እሸት ቡናውን ግቢ ሙሉ አራግፎ ሳለ ማሽኑ ጮኸና ቀጥ አለ። ዘንጉ የሚዞርበት ኩሽኔታ ተቃጥሏል። መለዋወጫ የለም። እሸት ቡና ደግሞ የዕለቱን ዕለት ካልተፈለፈለ ይኮመጥጣል።

በከተማው ማሽን የሚያውቁ አንድ ሰው ነበሩ። በጣሊያን ጊዜ የጅማ ሴት አግብተው የሰለሙ ጣሊያናዊ ሽማግሌ ናቸው። ጋራዣቸው ተወርሶ በአንዲት የእህል ወፍጮ ይተዳደራሉ። «በአስቸኳይ እንዲቀርቡ» የሚል ደብዳቤ ጽፌ፣ ማኅተም መትቼ በዘበኛው ላክሁላቸው። ዘበኛው ደብዳቤውን ሳይከፈት መልሶ አመጣው።

«አለቃ፣ ትልቅ ሰው እኮ በማኅተም አይጠራም» አለኝ። «እዚህ አገር ጫት ተይዞ ነው የሚለመነው፣ ወላሂ!»

እኔ ደግሞ ጫት መያዝ ቀርቶ ስሙን ስጠራ አፌን የምጉመጠመጥ ጴንጤ ነኝ። ግን እስር ቤት ከጫት ይብሳል። አንድ እስር ጫት ገዝቼ በብብቴ ይዤ ስሄድ የጸሎት ቤታችን ሽማግሌ ገበያ መሐል አገኙኝ። ሰላም ሳይሉኝ አለፉ። ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ።

«አካም ኦልተን» ብዬ በኦሮምኛ ሰላምታ ጣሊያናዊው ቤት ገባሁ። አረጋዊው ጫቱን አዩና «ትቅማለህ?» አሉኝ።

«ኧረ በጭራሽ!»

«ታዲያ ምን ልትሆን ያዝከው?» ብለው ሳቁ።

«ልለምንዎ ነው። ማሽኑ ዛሬ ካልተነሣ እታሰራለሁ።»

ሳቃቸው ቆመ። «እንግሊዞች ማርከው አገራቸው ወሰዱኝ» አሉ። «ጦርነቱ አለቀ፣ ከካምፕ ወጥተሃል አሉኝ። ወዲያው ግን ወረቀት መጣ፤ እዚህ እርሻ ድንች ትቆፍራለህ፣ ሳይፈቀድልህ ንቅንቅ አትልም የሚል። ቆፈርኩ። በነዚያ ዓመታት ሁሉ እባክህ ያለኝ ሰው የለም። ሚስቴ ዘንድ ስመለስ ሁለተኛ በወረቀት ላልታዘዝ ማልኩ።»

ይህን ብለው ተነሡና የገዛ ወፍጯቸውን ፈትተው ኩሽኔታውን አወጡ። ሚስታቸው «ቢስሚላህ» ብለው ጨርቅ አቀበሏቸው። ሽማግሌው ማጠቢያው ድረስ መጥተው እስከ አመሻሹ ከማሽኑ ሥር በጀርባቸው ተኝተው ሲሠሩ ዋሉ። እንደዚያ ያለ እጅ አይቼ አላውቅም፤ ዛሬም ሳስበው እኮራባቸዋለሁ። ጀምበር ሳትጠልቅ ማሽኑ ዞረ።

የወረዳው ካድሬ መጣና «በማን ትእዛዝ ነው የሠሩት?» ብሎ ጠየቃቸው።

«ማንም አላዘዘኝም። ይህ ልጅ ለምኖኝ ነው።»

እጃቸውን ሊታጠቡ ውሃ ሳፈስላቸው ቀና ብለው አዩኝ። «አንተንስ እዚህ ና ብሎ የለመነህ አለ?»

«የለም። በደብዳቤ ነው የመጣሁት።»

«እንግዲያው እኔ ልለምንህ። እባክህ፣ እዚህ ኑር።»

ደርግ ወድቆ የተመደበው ሁሉ ወደየአገሩ ሲመለስ እኔ የቡ ቀረሁ።