አራተኛዋ መስኮት

ይህ የደረሰብኝ በደርግ ዘመን፣ መካኒሳ አቦ አጠገብ በነበረች አንዲት ትንሽ ክሊኒክ በካርድ ክፍል ሠራተኛነት በምሠራበት ጊዜ ነው። ብዙ ዓመት ሆኖታል። ከዚያ ወዲህ የባሰም የተሻለም ነገር አይቻለሁ። ነገር ግን መዳፍ የምታክል ወረቀት እኔንም፣ ሲስተሯንም፣ የቀበሌውን ሊቀመንበርም አፍ ያስያዘችበት ያ ጠዋት እስከ ዛሬ ከዓይኔ አይጠፋም።

ስለ ራሴ ትንሽ ልናገር፤ አለዚያ የሠራሁት ስህተት አይገባችሁም። ፊደል የቆጠርኩት በሃያ ዘጠኝ ዓመቴ በመሠረተ ትምህርት ነው። ከዚያ በማታ ትምህርት እስከ ስምንተኛ ክፍል ደረስኩ። ዘግይቶ የተማረ ሰው ወረቀት ያከብራል። እኔ ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ እንኳን ሳላነብ አልጥልም ነበር። ክሊኒኩ ሲቀጥረኝ የበሽተኞቹ ካርዶች በጆንያ ታጭቀው ነው ያገኘኋቸው። ስድስት ወር ሳይሞላ እያንዳንዱ ወረቀት የራሱ ፋይል፣ እያንዳንዱ ፋይል የራሱ ቁጥር ኖረው። «ብርቄ እጅ የገባ ወረቀት አይጠፋም» ይባልልኝ ነበር። ስሜ ብርቅነሽ ነው።

በዚያ ዓመት ሰፈራችን ኩፍኝ ገብቶ ነበር። ከወላይታ የመጣች ማርታ የምትባል የግድግዳ ጎረቤቴ የሦስት ዓመት ወንድ ልጇን ቀብራለች። የቀረቻት የአሥር ወር ልጅ ብቻ ነበረች። ማርታ በየቀኑ ከሥራ ስመለስ በር ላይ ትጠብቀኝና ሌላ ሰላምታ የላትም፤ «እትዬ ብርቄ፣ መርፌው መጣ?» ትለኛለች።

መርፌው ዓርብ ከሰዓት በኋላ መጣ። ክሊኒኩን የሚመሩት ሲስተር አበራሽና ሌሎቹ ሠራተኞች ውይይት ክበብ ሄደው ነበር። መቅረት አይቻልም፤ ስም ይጠራል። ክሊኒኩን የመጠበቁ ተራ የኔ ስለነበረ ብቻዬን ነበርኩ። ሾፌሩ ሳጥኑን አውርዶ፣ አስፈርሞኝ፣ ሞተሩን እንኳን ሳያጠፋ ሄደ።

ሲስተር አስቀድመው እንደነገሩኝ ብልቃጦቹን ቆጥሬ ፍሪጅ ውስጥ ደረደርኩ። ከብልቃጦቹ መሐል አንዲት ወፈር ያለች ካርድ አገኘሁ። በእንግሊዝኛ የተጻፈባትና እንደ መስኮት ያሉ ትንንሽ ቀዳዳዎች ያሏት ነበረች። እርጥብ ነበረች። ወረቀት እርጥብ ቦታ ምን ትሠራለች ብዬ በፎጣ አደረቅኳት፤ ከርክክቡ ደረሰኝ ጋር አያይዤ ፋይል ከፈትኩላት፤ ቁጥር ሰጠኋት። ቁም ሳጥኑን ቆልፌ ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ለማርታም «ማክሰኞ ጠዋት ነይ» አልኳት። እጄን ይዛ ሳመችው።

ማክሰኞ ገና በማለዳ ግቢው ሞላ። ከመካኒሳም፣ ከፉሪም ልጅ ያዘሉ እናቶች መጥተዋል። የቀበሌው ሊቀመንበር ራሱ ቤት ለቤት ዞሮ ነው የቀሰቀሳቸው። በዕድሜ ታናሼ ነው፤ ያኔ ግን አንቱ ነበር የምንለው። ደብተሩን ይዞ በር ላይ ቆመ፤ ለበላዩ ለከፍተኛው ጽሕፈት ቤት የሚያሳውቀው የተከተቡ ሕፃናት ቁጥር አለበት።

«ሲስተር፣ ኧረ ፍጠኑ! ልጄ እዚሁ ጥርስ ሊያወጣ ነው!» አለች አንዷ ከሰልፉ፤ እናቶቹ ሳቁ።

ሲስተር አበራሽ መርፌዎቹን ቀቅለው ጨርሰው ፍሪጁን ከፈቱ። አየት አየት አደረጉና ዞር አሉ።

«ብርቄ፣ ካርዷስ?»

«የቷ ካርድ፣ ሲስተር?»

«ከክትባቱ ጋር የመጣችው።»

«ፋይል ውስጥ ናት» አልኩ። በኩራት ነው ያልኩት።

«ፋይል ውስጥ?» አሉ ሲስተር፤ ድምፃቸው ተለወጠ።

ሮጬ አመጣኋት። ዓርብ ቀዳዳዎቿን ልብ ብዬ አላየኋቸውም ነበር። አሁን አየሁ። መስኮቶቹ አራት ናቸው። ሦስቱ በአንድ መስመር ተደርድረዋል፤ አራተኛዋ ለብቻዋ ናት። የመጀመሪያዋ ሰማያዊ ሆናለች። ሁለተኛዋ ከጠርዟ ጀምሯታል። ሦስተኛዋ ነጭ ናት። ለብቻዋ ያለችው አራተኛዋ ደግሞ ቀለም የጠጣች ይመስል ድፍን ሰማያዊ ናት።

«ይቺ ወረቀት» አሉ ሲስተር ቀስ ብለው፣ «ከፋብሪካው ጀምሮ ከክትባቱ ሳትለይ ነው የምትጓዘው። ሙቀት ሲያገኛት ሰማያዊ ትሆናለች። ክትባቱ መሞቱን በዓይን አይታወቅም፤ ብልቃጡ ያው ነው፣ ዱቄቱም ያው ነው። የሚያስታውቀን እሷ ናት። አንቺ ምስክሯን ከቦታዋ አንስተሽ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍሽባት።»

መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ከአራት ቀን በፊት በፎጣ ያደረቅኩት ነገር ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

ሊቀመንበሩ ገባ። «ምንድነው የሚያቆማችሁ?»

ሲስተር የፍሪጁን ቴርሞሜትር ተመለከቱ። ቅዝቃዜው ደህና ነበር። «ምንም አይደለም» አሉ። «ሙቀት ያገኛት ቁም ሳጥን ውስጥ የከረመችው ካርድ ናት። ክትባቱ ፍሪጅ ውስጥ ነው የከረመው። እንጀምራለን።»

«ጀምሩ እንጂ!» አለ ሊቀመንበሩ። ወደ እኔ ዞሮ «ጓዲት፣ አንቺ ጥፋትሽን በጽሑፍ አድርጊ» አለኝ።

በዚያን ጊዜ ጥፋትን በጽሑፍ ማድረግ ቀላል ነገር አልነበረም። ወረቀቱ ማን እጅ እንደሚገባና ማን «አሻጥር» ብሎ እንደሚያነበው አይታወቅም። ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጥኩ፤ ቀኑን ጻፍኩ።

ከዚያ ቆምኩ። ካርዷ ሰማያዊ ሆነች ብሎ መጻፍ በቂ መስሎ አልታየኝም። የትኛዋ መስኮት? ምን ያህል? ልማዴ ሆኖ ያላነበብኩትን ወረቀት በጽሑፍ መጥቀስ አልቻልኩም። ከመሳቢያዬ አሮጌዋን መዝገበ ቃላት አውጥቼ ከካርዷ ላይ አንድ በአንድ ማንበብ ጀመርኩ።

ንባቡን ላገባድድ ስል ከጎኔ ባለው ክፍል የመጀመሪያዋ ሕፃን ተወግታ ስታለቅስ ሰማሁ። ከፉሪ የመጣች ነበረች።

ንባቡ ዝግ ብሎ ገባኝ። ሦስቱ መስኮቶች ሙቀቱ ከአሥር ዲግሪ ሲያልፍ በቀናት ውስጥ ቀስ እያሉ በየተራ ይቀልማሉ። አራተኛዋ ግን የቀናት ሥራ አይደለችም። ሙቀቱ ከሠላሳ አራት ዲግሪ ካላለፈ አትነካም፤ ካለፈ ግን በጥቂት ሰዓት ውስጥ ድፍን ትላለች። እሷ ሰማያዊ ከሆነች ኃላፊ ሳይጠየቅ የኩፍኝ ክትባት አይሰጥም ይላል።

ሠላሳ አራት።

ቀና ብዬ ክፍሌን አየሁት። ጠዋት ጠዋት ጋቢ ደርቤ የምሠራበት ክፍል ነው። ቁም ሳጥኔ ጥግ ላይ፣ ፀሐይ በማያውቀው ግድግዳ ሥር ነው ያለው። የመጀመሪያዋ መስኮት የኔ ናት፤ የአራት ቀን ጥፋቴ ናት። አራተኛዋ ግን የኔ አይደለችም። እሷን ያቀለማት ሙቀት እኔ ካርዷን ሳልነካት የመጣ ነው። ብልቃጦቹም ያኔ አብረዋት ነበሩ።

ዓርብ ዕለት ሳጥኑ ውስጥ የነበሩት የበረዶ መያዣዎች ትዝ አሉኝ። በእጄ ስነካቸው ለብ ያሉ ነበሩ። ልብ አላልኩም።

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። ዝም ብል ጥፋቴ የአንዲት ወረቀት ጥፋት ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር፤ ተግሣጽ ተሰጥቶኝ ያልፋል። ከተናገርኩ ግን የመንግሥት መኪና ያመጣው መድኃኒት ተበላሽቷል ማለቴ ነው፤ ፈርሜ የተረከብኩትም እኔው ነኝ። ብዕሬን ይዤ ትንሽ ቆየሁ። በበሩ ስንጥቅ ማርታ የልጇን እጅጌ ስትሰበስብ አየኋት።

«ሲስተር፣ ይቆዩ!»

በሕይወቴ እንደዚያ ጮኬ አላውቅም። ሰልፉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። መርፌው በሲስተር እጅ አየር ላይ ቀረ። አራተኛዋን መስኮት እያሳየሁ ያነበብኩትን ተናገርኩ።

«የመንግሥት መድኃኒት ተበላሽቷል ነው የምትዪው?» አለ ሊቀመንበሩ። «በሕዝብ ፊት?»

«እኔ አይደለሁም ያልኩት፣ ጓድ ሊቀመንበር» አልኩ። «እሷ ናት።»

ሲስተር መነጽራቸውን አድርገው ካርዷን ረጅም ጊዜ አነበቧት። ከግድግዳው ላይ የክፍሉን ቴርሞሜትር ነቀሉና ወደ ክፍሌ ገቡ፤ ካርዷ ከርማበት የነበረው ፋይል ውስጥ አስገብተው ቁም ሳጥኑን ዘጉት። ቆመን ጠበቅን። ሲስተር ሰዓታቸውን አይተው ሲያበቁ ከፍተው ለሊቀመንበሩ ሰጡት።

«ያንብቡት» አሉት።

«አሥራ ዘጠኝ» አለ።

ቴርሞሜትሩን አየ፤ ካርዷን አየ፤ እንደገና ቴርሞሜትሩን አየ። ምላስ የሌላት ወረቀት እዚያ ያልነበርን ሁላችንም ያላየነውን ነግራናለች። የኔን ጥፋት በአንዱ መስኮት፣ የሌላውን በሌላው መስኮት ሳታምታታ ለይታ ይዛዋለች።

ሊቀመንበሩ ደብተሩን አጠፈ። ሲስተር መርፌውን አስቀመጡ።

እናቶቹ ግን ተቆጡ፤ እውነታቸውን ነው። «መጫወቻ አደረጋችሁን እኮ!» እያሉ ወጡ። ማርታ አጠገቤ መጥታ ቆመች። «እትዬ ብርቄ፣ አንቺ ነሽ ልጄን ያስከለከልሽብኝ?» አለችኝ። ላስረዳት ስል ጥላኝ ሄደች። ከዚያ በኋላ በሯ ላይ አልጠበቀችኝም።

ሲስተር የዚያኑ ዕለት ክትባቱ የወጣበት ዕቃ ግምጃ ቤት ድረስ ሄደው ካርዷን አሳዩ። ሾፌሩ ሲጠየቅ አልካደም። ዓርብ ዕለት መንገድ ላይ ለሰልፍ ሕዝብ ማመላለሻ መኪናው ተፈልጎ ሳጥኑ ከጭነቱ ወርዶ ቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ እስከ ከሰዓት ቆይቷል። ክዳኑም በደንብ አልተዘጋም ነበር። ለምን አልተናገርክም ሲሉት «አሻጥር እንዳይባልብኝ» አለ አሉ። እኔ አልፈረድኩበትም። ያው ፍርሃት እኔንም ብዕር አስይዞ አስቀምጦኝ ነበር። እኔም ቀበሌ ተጠርቼ አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ቁጭ ብያለሁ፤ ሊቀመንበሩ ግን ጽሑፌን ካነበበ በኋላ «ሂጂ» ብቻ ብሎ ለቀቀኝ።

አዲሱ ክትባት በሳምንቱ መጣ። ካርዷ ሳጥኑ ውስጥ ናት፤ አራቱም መስኮቶች እንደ ወተት ነጭ ናቸው። በሁለት ጣቴ ይዤ ከብልቃጦቹ ጋር ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጥኳት።

የቀረችኝ የፉሪዋ ሕፃን ናት። ያኔ ፉሪ እርሻና ራቅ ራቅ ያሉ ቤቶች ነበሩ። ስሟን ከመዝገቤ ይዤ በእግሬ ሄድኩ። እናቷን ያገኘኋት ልብስ ስታሰጣ ነው።

«ባለፈው የወጋችኋት ምን ነበር ታዲያ?» አለችኝ።

«ውሃ ማለት ይቻላል።»

አፍጥጣ አየችኝና ሳቀች። «ጉድ ነው! ውሃ ለማስወጋት ነው ያን ሁሉ መንገድ የመጣሁት?» ልጇን አዝላ ግን ተከተለችኝ።

ማርታም መጣች፤ ሳታናግረኝ አስወግታ ሄደች። ወር ሳይሞላ ኩፍኙ ወደ እኛ ረድፍ ቤቶች ዞረ። ከማርታ ቤት በወዲያኛው በኩል በአንድ ግድግዳ የሚለየው ቤት ሁለት ልጆች ተኙ። እኔ ማታ ማታ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ አድርጌ የማርታ ልጅ ታስል እንደሆነ አዳምጥ ነበር። አላሳላትም። ኩፍኙ አልፎ ሄደ።

አንድ ቀን ማርታ ልጇን አዝላ ክሊኒክ መጣች። «እስቲ ያቺን ወረቀት አሳዪኝ» አለችኝ። የመጀመሪያዋን ከግምጃ ቤት አልመለሱልንም፤ ፍሪጁን ከፍቼ ሁለተኛዋን አሳየኋት። ማርታ ማንበብ አትችልም ነበር። ጎንበስ ብላ ነጮቹን መስኮቶች ብዙ አየቻቸው።

«ይቺንማ እኔም አነባታለሁ» አለች።

በሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ፊደል ስለይ ወረቀት ሰውን የሚያናግረው በፊደል ብቻ ይመስለኝ ነበር። ያን ቀን ከማርታ የሰማሁት ከማታ ትምህርቱ ሁሉ በልጦ ውስጤ ቀርቷል።

አሁን የምኖረው ጀሞ ነው። ባለፈው የልጅ ልጄን ላስከትብ ጤና ጣቢያ ሄጄ ብልቃጧን እንድታሳየኝ ነርሷን ጠየቅኳት።

«እማማ፣ ምን ሊያደርግልዎት?» አለችኝ ወጣቷ።

ዛሬ ምስክሯ ብልቃጡ ላይ ተለጥፋ ነው የምትመጣው፤ እንደ እኔ ያለ ሰው አንስቶ ፋይል ሊያደርጋት አይችልም። ክብ ውስጥ ያለች ሚጢጢ አራት ማዕዘን ናት። አራት ማዕዘኗ ከክቡ እኩል ከጠቆረች ክትባቱ አይሰጥም። የሩዝ ፍሬ የማታክል ነገር ከስንት አገር፣ በስንት አውሮፕላንና በስንት መኪና አልፋ ያየችውን ሁሉ ይዛ ትመጣለች። በየጊዜው አያታለሁ፤ አንድም ቀን ተራ ነገር ሆና ታይታኝ አታውቅም።

ነርሷ ብልቃጧን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችልኝ። መነጽሬን አድርጌ አየሁ። አራት ማዕዘኗ ነጭ ናት።

«ውጊው» አልኩና የልጁን እጅጌ ሰበሰብኩ።