ካካፈሉ በኋላ የመጣ ነጥብ

ይህን ጽሑፍ ልተወው ተቃርቤ ነበር። ተማሪ ስለ አስተማሪው መጻፉ ድፍረት ይመስለኛል፤ ደግሞም ያየሁትን በትክክል መረዳቴን እስከ አሁን እጠራጠራለሁ።

መምህርት ሥርጉት የቢቸና ተወላጅ ናቸው። ሞጣ ላይ፣ በእኛ ትምህርት ቤት፣ ኮምፒውተር ያስተምራሉ። ተማሪ ሲሳሳት አይቆጡም፤ «እስኪ ከየት እንደ ጀመርህ ንገረኝ» ነው የሚሉት። ፋንክሽናል የሚባለውን ዓይነት የፕሮግራም ቋንቋ በግላቸው ተምረው፣ የተማሪዎችን አማካይ ውጤት የሚያወጣ ፕሮግራም ጻፉልን። ቋንቋው ግትር ነው፤ ሙሉ ቁጥርንና ባለ ነጥብ ቁጥርን አያቀላቅልም። አንዱን ወደ ሌላው የሚቀይር ትእዛዝ ካልተጻፈለት እምቢ ይላል።

በዚያ ሰሞን ከእኛ ትምህርት ቤት አንድ ተማሪ ብቻ ለአንድ አዳሪ ትምህርት ቤት እንዲመረጥ ተጠየቀ። የውጤት ካርድ ሳይሰጥ የተማሪዎቹ አማካይ ተለጠፈ። ፀሐይነሽና ሰብለ ወንጌል ከሁሉ በልጠው እኩል 91.0 አገኙ። ፕሮግራሙ እኩል የሆኑትን በፊደል ተራ ስለሚያስቀምጥ «ሰ» ከ«ፀ» ቀደመችና ዕድሉ የሰብለ ወንጌል ሆነ።

«ስሜ ነው የጣለኝ» አለች ፀሐይነሽ ማስታወቂያው ፊት ቆማ። ልትስቅ ሞከረች፤ አልሆነላትም።

በማግስቱ መምህርት ሥርጉት ፕሮግራሙን ከነውጤቱ በፕሮጀክተር ግድግዳ ላይ አብርተው አሳዩን። የማሽኑን ሥራ በእጃችን እንድናረጋግጥም የፀሐይነሽን ድምር፣ 734ን፣ ለስምንቱ የትምህርት ዓይነቶች እንድናካፍል አዘዙን። እኔ 91.75 አገኘሁና ተሳስቻለሁ ብዬ ሰረዝሁት።

«ስንት መጣ?» ሲሉ ጠየቁ።

«ዘጠና አንድ ነጥብ ሰባት አምስት» አለ ጓዴ የሚባለው የክፍላችን ልጅ ከኋላ ወንበር። «ቲቸር፣ ማሽንዎ ሽርፍራፊ አይወድም መሰለኝ።»

ክፍሉ ሳቀ። እርሳቸው ግን ወደ ግድግዳው ዞረው ደርቀው ቀሩ። ከላይ እስከ ታች የሁሉም ተማሪ አማካይ በነጥብ ዜሮ ያልቅ ነበር። ያን ሁሉ ዜሮ ትምህርት ቤቱ በሙሉ አይቶታል፤ ለምን ብሎ የጠየቀ አልነበረም። እኔ ራሴ ነጥቡን ሳይ ሥራው የተጣራ መስሎኝ ነበር።

«ካካፈልሁ በኋላ ነው የቀየርሁት» አሉ፤ ድምፃቸው እምብዛም አልተሰማም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሙሉ ቁጥር ለሙሉ ቁጥር ሲካፈል ቋንቋው ቀሪውን ይጥላል። አስቀድመው ድምሩን ወደ ባለ ነጥብ ቀይረው ቢያካፍሉ ኖሮ ቀሪው ይተርፍ ነበር። እርሳቸው ግን ቋንቋው እምቢ ሲላቸው የመቀየሪያውን ትእዛዝ በተካፈለው ላይ ደረቡት። ነጥቡ መጣ፤ ከነጥቡ ወዲያ የሚጻፈው ግን ቀድሞ ጠፍቷል። የሰብለ ወንጌል ትክክለኛ አማካይ 91.125 ነበር።

ወዲያው ወደ ርእሰ መምህሩ ወደ አቶ ምንይሉ ሄዱ። በሩ ገርበብ ብሎ ስለ ነበር ንግግራቸው ተከትለን ለሄድነው ይሰማል።

«ስሟ እኮ ተልኳል፣ ሥርጉት። አሁን ምን ተብሎ ይጻፋል?»

«ተሳሳትሁ ተብሎ።»

እኔና ሰብለ ወንጌል አንድ ግቢ ነው የምንኖረው። ከሰዓት በኋላ መምህርት ሥርጉት በግቢያችን በር ሲገቡ አየሁ። የሰብለ ወንጌልን እናት ወይዘሮ አስናቀችን ደጃፉ ላይ አገኟቸውና ነገሩን ቆመው ነገሯቸው።

«ታዲያ ማሽኑ ነዋ የተሳሳተ» አሉ ወይዘሮ አስናቀች።

«አይደለም እናቴ፤ እኔ ነኝ። ማሽኑ ያዘዝሁትን ነው ያደረገ።»

«ዝም ቢሉ ማን ያውቅ ነበር?»

«ልጆቹ አውቀዋል። ባያውቁም እኔ አውቃለሁ።»

«ለጎረቤቱ ሁሉ አውርቼ ሳበቃ! ደግሞ ደፍረው እቤቴ መጡ።»

«ከሌላ ሰው እንዲሰሙት አልፈለግሁም።»

ሰብለ ወንጌል ከውስጥ ሆና ሰምታ ኖሯል። ለጉዞ ያሰናዳችውን ሻንጣ ስትከፍተው የዚፑ ድምፅ እስከ እኛ በር ተሰማ። መምህርት ሥርጉትም ሰሙት፤ አንገታቸውን ደፍተው እስኪያበቃ ቆሙ።

ምዝገባው ቢቸና ነበር። መምህርት ሥርጉት ፀሐይነሽን ይዘው በሚኒባስ ሄዱና፣ የእርማቱን ደብዳቤ ሰጥተው አስመዘገቧት። ሲመለሱ ግን የተማሪዎችን ውጤት የማውጣቱ ሥራ ከእጃቸው ተወስዶ ነበር፤ አቶ ምንይሉ ለሌላ መምህር ሰጥተውታል። እርሳቸውም አልተከራከሩም።

እኔ ዳኛ አይደለሁም፤ ሆኖም የሚመስለኝን እጽፋለሁ። ሲሳሳቱ ደጃፍ ድረስ ሄደው የሚናገሩ ሰው ናቸውና፣ የውጤት ሥራው ለመምህርት ሥርጉት ሊመለስላቸው ይገባል።