የእህቴ ሌላዋ እናት

ታላቅ እህቴ ለአንትሮፖሎጂ ጥናቷ ማይክሮኔዥያ ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ ደሴት ሁለት ዓመት ስትቀመጥ፣ እኔ ለንደን፣ ኪልበርን ሰፈር ከእናታችን ጋር ቀረሁ። ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ በጥበቃ እሠራለሁ። ሽፍት አስቀይሬ እናቴን ለስኳሯ ክሊኒክ የምወስዳት፣ እግሯን የማጥብላት፣ መድኃኒቷን ቼክ የማደርገው እኔ ነበርኩ።

እህቴ የምታጠናው የደሴቲቱን ሴቶች ነው፤ ሽመናቸውን፣ ጭፈራቸውን፣ ከውጭ የሚገባው ሩዝና የቆርቆሮ ሥጋ ያባባሰባቸውን የስኳር በሽታ። ሴቶቹ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲሸምኑ ነው የሆዳቸውን የሚያወጡት ትለናለች። ስትደውል ደግሞ "እናቴ እንዲህ አለችኝ" ማለት አመጣች፤ በቤቷ ያስጠጋቻትን አሮጊት ሸማኔ ማለቷ ነው። ሴትዮዋም ስኳር አለባት። እግሯን ለብ ባለ ውሃ እንደምታጥብላት ስትነግረን እናቴ ሳቀች። እኔ ተቃጠልኩ።

እህቴ በተመለሰች በሳምንቱ ከሥራ ስገባ እሷና እናቴ አልጋ ላይ ጎን ለጎን ሆነው የታጠበ ልብስ ያጣጥፋሉ። እናቴ ታወራለች። በሽታው እንዳለባት የተነገራት ቀን ዝም ብላ አውቶቡስ ተሳፍራ ከሰፈራችን ርቆ ያለው ሰቨን ሲስተርስ ድረስ መሄዷን፣ እዚያ ወርዳ መንገድ ላይ ማልቀሷን። በልጅነቷ የቀበሌ ኪነት ውስጥ ትጨፍር እንደነበር። ያበጠ እግሯን ሰው እንዳያይባት ሰርግ ላይ መጨፈር መተዋን።

አንዱንም አላውቅም ነበር።

"ለእኔ ለምን አልነገርሽኝም?" አልኳት።

"መች ጠይቀሽኝ? ያንቺ 'በላሽ ወይ? መርፌሽን ወሰድሽ ወይ?' ነው።"

እህቴን ተከትዬ ወጥ ቤት ገባሁ። "የሰው እናት እግር ስታጥቢ የእናትሽን ማን እንደሚያጥብ አስበሽ ታውቂያለሽ? አሁን ደግሞ መጥተሽ ወሬዋን ትሰበስቢያለሽ!"

ትጮህብኛለች ስል ዓይኗ እንባ ሞላ። "ገና ሲያማት የምትጠራው አንቺን ነው" አለች። "እዚህ ቤት ለእኔ የተረፈ ሥራ አልነበረም። እኔም እኮ እቀናብሻለሁ።"

ሳላቅፋት ወጣሁ።

ለሚቀጥለው ቀጠሮ እህቴ ትውሰዳት ብዬ ሽፍቴን ሳልቀይር ቀረሁ። ቀኑን ሙሉ ስልኬን ሳይ ዋልኩ። ከሰዓት በኋላ እናቴ ደወለች፤ እህቴ የተሳሳተ አውቶቡስ አሳፍራት ቀጠሮው ሊያልፋቸው ነበር። ደስ አለኝ። ደስታዬ አሳፈረኝ፤ ቢሆንም ቤት እስክገባ ድረስ አልለቀቀኝም።