አባቴን አየር ላስለውጥ

ድሬዳዋ ውስጥ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ከተማችን ለምን እንደምትጋገር ሰሌዳ ላይ እየሳልኩ ሳስረዳ ኖሬያለሁ፦ ዝቅ ያለ ስፍራ፣ በስተሰሜን በረሃ፣ በስተደቡብ ዝናቡን ለራሱ የሚያስቀር ተራራ። ይህን ሁሉ የሚያውቅ መምህር አባቱን ምን እንዳደረገው ግን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

አባቴ ጡረታ የወጣ የባቡር ሠራተኛ ነበር። ሳንባው ደክሞ አልጋ ከያዘ ወራት አልፎት ነበር። ባለፈው ሰኔ ሙቀቱ ባሰ። ቆርቆሮው ከረፋዱ ጀምሮ ይነድዳል፤ ቬንትሌተሩም ያንኑ ትኩስ አየር ያመላልሳል። እርጥብ ሽርጥ መስኮቱ ላይ ብሰቅልም ዞር ሳልል ይደርቃል። አባቴ ትራሱን ታቅፎ ተቀምጦ፣ አፉን ከፍቶ ይተነፍሳል። የማደርገው ጠፍቶኝ ከበሩ አልጋው፣ ከአልጋው በሩ እመላለስ ነበር።

ድሬ ላይ በሽተኛ ሲብስበት ወደ ደጋ ማውጣት የቆየ ልማድ ነው።

«አቦ፣ ምን ትጠብቃለህ?» አለችኝ ጎረቤታችን። «ይሄ አየር ነው እንዴ? ደንገጎ ተራራ አውጣውና ንፋስ ያግኝ።»

ሐኪሙን መጠየቅ እንኳ አልታሰበኝም። በማግስቱ ጠዋት ሚኒባስ ኮንትራት ይዤ ዳገቱን ተያያዝነው።

ደንገጎ ስንደርስ ብርዱ ተቀበለን። ደስ አለኝ። ጋቢውን ደርቤለት መንገድ ዳር ካለች ሻይ ቤት ደጃፍ አስቀመጥኩት። ሻዩ ሳይቀርብ ከንፈሩ ጠቆረ፤ ትከሻው በየትንፋሹ ይነሳ ጀመር።

«አባባ፣ ንፋሱ ጥሩ አይደል?»

«ይነፍሳል» አለ፤ «ግን አይገባም።»

ያኔ ክው አልኩ። ከፍ ባልን ቁጥር ይቀዘቅዛል ብዬ አስተምራለሁ፤ ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል ብዬም አስተምራለሁ። ለገዛ አባቴ ግን የመጀመሪያውን ብቻ ይዤ ወጣሁ። ራሴን ጠላሁት።

ሹፌሩን ቶሎ ወደ ታች እንዲመልሰን ለመንኩት። መታጠፊያዎቹ አላልቅ አሉ፤ ከፊታችን የጭነት መኪናዎች ያዘግማሉ። አባቴን ከኋላ ወንበር አቅፌ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ሳማርራት የኖርኩትን ያችን ምድጃ እንዲያቀርብልኝ እግዚአብሔርን ለመንኩ።

«ድሬ ገባን?» አለኝ ዓይኑን ሳይከፍት።

ግማሹን መንገድ እንኳ አልወረድንም። «ገብተናል፣ አባባ» አልኩት።

ጋቢውን ወደ ደረቱ ሰበሰበና፣ «ታዲያ ሙቀቱ የታለ?» አለኝ።

ጋቢውን ላጠብቅለት ጎንበስ ስል እጁ ከጋቢው ላይ ወደቀ።