ቁልፉ የጠፋ ቡፌ

አዲሱን ቤታችንን ጨርሰን ስንገባ ሳሎኑ ባዶ ነበር። ሳህንና ብርጭቆው በካርቶን እንደታሸገ ግድግዳ ሥር ተደርድሮ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር እኔና አማቴ ካርቶን ስንፈታ እንገኝ ነበር። ባለቤቴ ሥራው ወደ ጊምቢ ተዛውሮ አልፎ አልፎ ብቻ ስለሚመጣ፣ ነቀምቴ ባለው ቤት የምንኖረው እኔና እናቱ ነን። ስለዚህ ቡፌ መግዛት የሁለታችን ጉዳይ ሆነ። ችግሩ እኔ የምፈልገውና እሳቸው የሚፈልጉት አለመገጣጠሙ ነው።

አማቴ የፈለጉት በዋናው መንገድ ዳር ካሉት ሱቆች የሚሸጠውን፣ ፊቱ መስታወት የሆነውንና ውስጡ መብራት የሚበራበትን አዲሱን ቡፌ ነበር። እኔ ደግሞ አሮጌ የዋንዛ ቡፌ ፈለግሁ። ጎረቤታችን የገዛችው አዲስ ቡፌ በክረምቱ እርጥበት እግሩ እንደ ራሰ ዳቦ አብጦ ሲፈርስ አይቻለሁ። ምክንያቴ ግን እሱ ብቻ አልነበረም። አባቴ አናጢ ነበር። በድርቁ ጊዜ ከወሎ በሰፈራ መጥቶ ኪራሙ ላይ ጎጆ ቀለሰ፤ እኔም የተወለድኩት እዚያ ነው። የአካባቢው ሰው በር፣ አልጋ፣ ቁም ሣጥን ማሠራት ሲፈልግ እሱ ጋ ይመጣ ነበር። ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ የተነሣበት ያ ክፉ ጊዜ ሲመጣ ወላጆቼ በለበሱት ልብስ ወጥተው ወሎ ዘመድ ዘንድ ተጠጉ። አባቴ በእጁ የሠራው ሁሉ እዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ የዋንዛ ዕቃ ሳይ ሳልዳስሰው አላልፍም።

ይህን ለአማቴ አልነገርኳቸውም። የነገርኳቸው ስለ እርጥበቱ ብቻ ነው።

“አሮጌ ዕቃ የሰው ዕንባ አለበት” አሉኝ። “ምን እንደደረሰበት በምን ታውቂያለሽ?”

“አዲሱ ደግሞ ክረምቱን አይሻገርም፣ ሃርሜ” አልኳቸው።

ሃርሜ በኦሮምኛ እናቴ ማለት ነው። ካገባሁ ጀምሮ እንደዚያ ነው የምጠራቸው። እሳቸው ግን ለሰው ሲያስተዋውቁኝ “የልጄ ሚስት” ይላሉ። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም፤ ስታመም አጠገቤ ቁጭ ብለው የሚጸልዩልኝ እሳቸው ናቸው። ነገር ግን የኪራሙ ነገር ከተነሣ ሁለታችንም ዝም እንላለን። እኔ የምላቸውን እፈራለሁ፤ እሳቸውም የምመልሰውን የሚፈሩ ይመስለኛል።

መጀመሪያ ከአውቶቡስ ተራው ጀርባ አሮጌ ዕቃ የሚሸጡ ሰዎች ጋ ሄድን። አንዱ ቡፌ ከሩቅ ሲያዩት ያማረ ነበር፤ መሳቢያውን ስስበው ግን እንደ ዱቄት የላመ እንጨት እጄ ላይ ፈሰሰ። ነቀዝ ጨርሶታል። ሌላውን ሻጩ “ንጹሕ ዋንዛ” አለን፤ ከሥሩ ገብቼ ሳየው ኮምፔርሳቶ ላይ ስስ የዋንዛ ልባስ ተለጥፎበታል። አባቴ “ፊቱን ማንም ያሳምረዋል፤ አዙረሽ ጀርባውን እዪ” ይል ስለነበር ሁሉንም አዞርኩ፣ መሳቢያዎቹን አወጣሁ፣ ውስጣቸውን አሸተትኩ። አማቴ አፈሩ። “ሰው እያየሽ ነው፣ ተነሺ” አሉኝ፤ ሻጩንም በኦሮምኛ ይቅርታ ጠየቁት።

ከዚያ አንዲት አብራኝ የምታስተምር ጓደኛዬ ዲጋ ስላሉ አንድ ጡረተኛ ነገረችኝ። ሚስታቸው ሞተውባቸው፣ ቤታቸውን ዘግተው ነቀምቴ ከምትኖር ልጃቸው ጋ ሊገቡ ስለሆነ ዕቃቸውን እየሸጡ ነው አለችኝ። ዲጋ ቅርብ ነው። ግን በዚያ ሳምንት ከመንገዱ ወዲያ ማዶ ተኩስ ተሰምቶ ስለነበር ሰው ያለ ጉዳይ አይወጣም። ቅዳሜ ጠዋት ልሄድ ስዘጋጅ አማቴ ነጠላቸውን አጣፍተው በር ላይ ጠበቁኝ።

“ብቻሽን አትሄጂም።”

እንዳልገዛ ሊከለክሉኝ የመጡ መስሎኝ ተናደድኩ። እስከ ዲጋ በሚኒባስ ስንሄድ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ተቀመጥኩ።

ሽማግሌው በረንዳቸው ላይ ተቀበሉን። ከአማቴ ጋር “አካም ጅርቱ” ተባብለው ስለ ዝናቡ፣ ስለ በቆሎው፣ ስለ ጤናቸው ረጅም ሰላምታ ተለዋወጡ። ከዚያ ወደ ውስጥ አስገቡን። ቡፌው ብቻውን ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ረጅምና ዝቅ ያለ፣ ከላይ መሳቢያዎች፣ ከሥር ሦስት በሮች ያሉት፣ ሁለመናው ዋንዛ ነው። ሽማግሌውን አስፈቅጄ ከግድግዳው አራቅሁት። ጀርባውም እንደ ፊቱ ጣውላ ነው፤ በምስማር አልተመታም፣ በብሎን ታስሯል። መሳቢያው ሲሳብ ድምፅ አያሰማም። የሠራውን ሰው ባውቀው ብዬ ተመኘሁ።

የግራውና የቀኙ በር ተከፈተ። የመካከሉ ግን ተቆልፏል።

“ቁልፉ ጠፍቷል” አሉ ሽማግሌው። “ባዶ ነው።”

“ባዶ ከሆነ ለምን ተቆለፈ?” አሉ አማቴ።

ሽማግሌው አቧራውን በእጅጌያቸው መጥረግ ጀመሩ። እኔ ቡፌውን ወዘወዝኩት፤ ምንም አልተንኳኳም። ልቤ አስቀድሞ ገዝቶት ስለነበር ጥያቄውን አልገፋሁበትም። በዋጋው ተስማማን። አማቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው “ይቅርብሽ፣ ይህ ሰው የደበቀው ነገር አለ” አሉኝ። አልሰማኋቸውም።

ከሰዓት በኋላ በቆሎ ጭኖ ወደ ነቀምቴ የሚመለስ አይሱዙ አገኘን። ቡፌውን ከጆንያዎቹ በላይ በገመድ አስረን እኛ ጋቢና ገባን። ትንሽ እንደሄድን መንገዱ ላይ ገመድ ተወጥሯል። ጠዋት ስናልፍ ያልነበረ ፍተሻ ነው። የታጠቁ ወጣቶች ሾፌሩን አስወረዱት፣ ቀጥሎም እኛን። ገሚሶቹ ጆንያዎቹን በሽቦ መውጋት ጀመሩ። አንደኛው ወደ ቡፌው ወጥቶ በሮቹን ሞከረና ቁልቁል ተጣራ፤

“ይህኛው አይከፈትም!”

ቡፌውን አስወርደው አስፋልቱ ዳር አቆሙት። አለቃቸው ብዙም በዕድሜ የማይበልጣቸው፣ ዓይኑ በእንቅልፍ ማጣት የቀላ ልጅ ነው። “ማልቱ ኬሳ ጅራ?” ብሎ በኦሮምኛ ጠየቀኝ፤ ውስጡ ምን አለ ማለቱ ነው።

“ባዶ ነው” አልኩ። የሽማግሌውን ቃል መድገሜ ነበር።

“ቁልፉስ?”

“ጠፍቷል።”

መታወቂያዬን ተቀበለኝ። የትውልድ ቦታ የሚለው ላይ ዓይኑ ሲቆም አየሁት። ከዚህ በፊትም ብዙ ዓይን እዚያ ላይ ሲቆም አይቻለሁ።

“ኪራሙ” አለ በአማርኛ። “እዚያ ማን አለሽ?”

“ማንም የለኝም።”

“ዛሬ ዲጋ ማን ጋ መጣሽ? ይህን የላከው ማን ነው? የሚረከብሽስ?”

ሁሉንም በአንድ ጊዜ ነው የጠየቀኝ። ከየቱ እንደምጀምር ጠፋኝ። አንዱ ልጅ መሣሪያውን ከትከሻው አወረደ። ሾፌሩ ዓይኑን ከእኔ ላይ አነሣ። የዚያን ጊዜ አማቴ መጥተው በእኔና በአለቃው መካከል ቆሙ። አጭር ሴት ናቸው፤ ደረቱ ጋ ነው የሚደርሱት።

“ኢንታላ ኮቲ” አሉት። ልጄ ናት። “ዕቃውን የምወስደው እኔ ነኝ፣ የሚገባውም እኔ ቤት ነው። የምትጠይቀው ካለ እኔን ጠይቀኝ።”

“እናትሽ ናቸው?” አለኝ ከራሳቸው በላይ አሻግሮ እያየ።

“አዎ” አልኩ። “እናቴ ናቸው።”

መታወቂያውን አልመለሰልኝም። ዘወር ብሎ ለአንዱ ምልክት ሰጠው፤ ልጁ ከመኪናው ሥር የብረት ዘንግ አምጥቶ የበሩ ስንጥቅ ውስጥ ሰካ። እንጨቱ ሲጮኽ ሰማሁ። እንዴት እንደደፈርኩ ባላውቅም “አትስበረው፣ በጀርባው ይከፈታል” አልኩ። አለቃው ትንሽ አሰበና በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ሾፌሩ ካቻቪቴ አቀበለኝ።

ተንበርክኬ ብሎኖቹን መፍታት ጀመርኩ። ካቻቪቴው ከብሎኑ ይንሸራተታል። አማቴ አጠገቤ ተንበርክከው ጣውላውን ደገፉልኝ።

“ምን እንዳለበት ታውቂያለሽ?” አሉኝ በሹክሹክታ።

“አላውቅም።”

“ሽማግሌው ዋሽቶን ከሆነስ?”

እኔም የማስበው እሱን ብቻ ነበር። ያ ሰው ዓይኑን የሰበረብን ለምን ነበር? ወንድ ልጅ አለው? ልጁ የት ነው ያለው? ለምን አልጠየቅሁም? ታጣቂዎች የሚያስቀምጡበት ያጡትን መሣሪያ እኔ በገዛ እጄ ጭኜ ያመጣሁ መሰለኝ። አንዱ ብሎን ዝጎ አልላላ አለኝ፤ አማቴ በነጠላቸው ጫፍ ይዘው ከእኔ ጋር አዞሩት። ሲላላ አለቃው “ወደ ኋላ” አለን። ጣውላውን ሾፌሩ እንዲያነሣው ታዘዘ። ሾፌሩ ፊቱን ወደ ሌላ አዙሮ፣ እጁን ዘርግቶ አነሣው።

ውስጡ በነጠላ የተጠቀለለ ትልቅ ነገር ነበር፤ ክፍሉን ሞልቶ በመጠቅጠቁ ነው ሲወዘወዝ ያልተንኳኳው።

“ፍቺው” አለኝ።

ቋጠሮውን ስፈታ መጀመሪያ የወጡት ባለ አበባ የሻይ ስኒዎች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው በጨርቅ ተጠቅልለዋል። ከሥራቸው አንድ ጥንድ የኳስ ጫማ ወጣ፤ ጥርሱ ውስጥ የገባው ቀይ ጭቃ ሳይታጠብ ደርቋል። ሌላ ምንም የለም። አለቃው ነጠላውን አራገፈ፣ እጁን ወደ ክፍሉ አስገብቶ ጥጋጥጉን ዳሰሰ። ከዚያ አንዱን ጫማ አንሥቶ አገላብጦ አየው።

“የማን ነው?”

“የሰው ልጅ ነው” አሉት አማቴ። “እንዳንተ ያለ።”

ጫማውን ወደነበረበት መለሰ። መታወቂያዬን ሰጠኝ፤ ለአማቴም “ገለቶሚ፣ ሃርሜ” አላቸው፤ አመሰግናለሁ ማለቱ ነው። ቡፌውን መልሰው የጫኑት እነዚያው ልጆች ናቸው። ነቀምቴ እስክንገባ አማቴ እጄን አለቀቁኝም፤ ያን ያህል ጠበቅ አድርገው ስለያዙኝ ጣቶቼ ደንዝዘው ነበር።

ቤት ስንደርስ ግን ቡፌው እንዳይገባ ከለከሉ። “የሰው ሐዘን ቤቴ አላስገባም፤ ባለቤቱ መጥቶ የራሱን ይውሰድ” አሉ። በረንዳው ላይ ላስቲክ አልብሰን ተውነው። ለሽማግሌው ደወልኩና ቡፌው ውስጥ የተገኘ ነገር እንዳለ ብቻ ነገርኳቸው። “እመጣለሁ” አሉኝ።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከልጃቸው ጋር በባጃጅ መጡ። በውስጤ ሌሊቱን ሙሉ ሲብላላ የነበረውን ቁጣ ገና ሳይቀመጡ አወጣሁት።

“ባዶ ነው ብለውን ነበር” አልኩ። “በእርስዎ ቃል ምክንያት መንገድ ላይ ልንቀር ነበር። ቢተኩሱብን ምን ይሉ ነበር?”

አማቴ ዝም እንድል ክንዴን ነኩኝ። ሽማግሌው ቆመው ሰሙኝ።

“እውነትሽን ነው” አሉ። “ምን እንዳለበት ግን እኔም አላውቅም ነበር። ልጃችን አንድ ቀን ከኳስ ሜዳ መጥቶ፣ ጫማውን በር ላይ አውልቆ፣ ልብሱን ቀይሮ ወጣ። ከዚያ ወዲህ የት እንዳለ አልሰማንም። እናቱ በዚያው ሰሞን ያንን በር ቆለፈችው። ለምን ብዬ አልጠየቅኋት። ስትሞት ቁልፉን ፈለግሁ፤ ሳጣው ደስ አለኝ። እዚያ ቤት ተቀምጬ ሲከፈት ማየት አልቻልኩም።”

በረንዳው ላይ ካስቀመጥነው ዕቃ መካከል ጫማውን መጀመሪያ ያየችው ሴት ልጃቸው ነበረች። እናቷ የወንድሟን ዕቃ በሙሉ አቃጥላዋለች ተብሎ ነው የተነገራት። አነሣችው፣ ደረቷ ላይ አደረገችው፤ ጭቃው ነጭ ቀሚሷ ላይ ረገፈ። አማቴ ሄደው አቀፏት። እኔ የምገባበት አጥቼ ቆምኩ። ቁጣዬ የት እንደገባ አላውቅም። ጭቃውን ቢያጥቡት ለማለት ፈልጌ ነበር፤ እንኳን አላልኩ።

ሽማግሌው ጫማውንና ነጠላውን ወሰዱ። ስኒዎቹን ግን እምቢ አሉ። “ስኒ ሰው ይጠጣበት” አሉ። አማቴ “እንግዲያው እናንተ ሁኑ የመጀመሪያዎቹ” ብለው ስኒዎቹን አጥበው ሻይ ቀዱላቸው፤ በረንዳው ላይ፣ ቡፌው አጠገብ ተቀምጠን ጠጣን። ሲሄዱ ሽማግሌው በእጃቸው መዳፍ የቡፌውን ጀርባ አንዴ ነካ አደረጉት።

ከዚያ በኋላ አማቴ ራሳቸው ጎረቤት ጠርተው ቡፌውን አስገቡት። በመስኮቱ በኩል ይሁን ስላቸው “ፀሐይ ያነጣዋል” ብለው ወደ ውስጠኛው ግድግዳ አስጠጉት። በዘይት ያሸሁትም፣ ሳህኖቹን የደረደርኩትም በእሳቸው ትእዛዝ ነው። ስንሠራ የአባቴን ሙያ ነገርኳቸው፤ ኪራሙ ስለነበረው ቤታችን፣ ስለ ሠራው ትልቅ አልጋ ነገርኳቸው። አላቋረጡኝም። ስጨርስ “ዛሬስ ይሠራል?” ብለው ጠየቁኝ። “መሣሪያ የለውም” አልኳቸው። አንገታቸውን ደፍተው ጨርቁን አጠፉ፣ ዘረጉ፣ መልሰው አጠፉ።

ባለቤቴ ከጊምቢ የመጣ ዕለት ቡፌውን ዞሮ አየውና ወደደው። ከዲጋ መሆኑን ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ።

“በዚያ ሰሞን? መንገዱ እንዴት ነበር?”

አማቴ ሻይ እየቀዱለት ነበር። ቀና ብለው አላዩትም።

“ደህና ነበር” አሉት። “ከልጄ ጋር ነበርኩ።”

እኔም ስኒዬን አቀረብኩላቸው።