ሽቦና መሰላል ጭነን ጅማ ገባን

ማክሰኞ፣ ጎህ ሲቀድ፣ አየር ጤና

አይሱዙው ላይ የተጫነው ያለን ንብረት ሁሉ ነው፤ አልጋ፣ ፍራሽ፣ የወጥ ቤት ዕቃ፣ መሰላሎች፣ ጥቅል ጥቅል ሽቦ፣ መሰርሰሪያና የመሣሪያ ሣጥኔ። ባለቤቴ ስንታየሁ በእኔና በሾፌሩ መሃል ተቀምጣ ብርድ ልብስ ጉልበቷ ላይ ጣል አድርጋለች። ሾፌሩ ነስሩ የጅማ ልጅ ነው። መሰላሎቹን ሲያስር ምን ልንሠራ እንደምንሄድ ጠየቀኝ። የኤሌክትሪክ ሥራ ተቋራጭነት ፈቃድ እንዳወጣሁና ጅማ ላይ በራሴ ስም መሥራት እንደምጀምር ነገርኩት።

«እኔን ሰው የሚያስጭነኝ ከጅማ ወደ አዲስ አበባ ነው» አለና ቢስሚላህ ብሎ ሞተሩን አስነሳ።

እኔ እሠራበት የነበረው ድርጅት ሥራ ሲቀዘቅዝ ሕንጻዎቹን የኮንክሪት ምሰሷቸው ብቻ እንደቆመ ትቶ ሠራተኛውን በትኗል። ክረምቱን ያሳለፍኩት እዚህ ሶኬት፣ እዚያ አምፖል እየቀየርኩ ነው። ጅማን ያነሳችው ስንታየሁ ናት። ኮሌጅ የተማረችው እዚያ ነው፤ ኦሮምኛውን ትችላለች፤ ቡና በሚለቀምበት ወቅት ሰው ቤቱን እንደሚያድስም ታውቃለች። ወንድሜ ግን ሥራ በጠፋበት ጊዜ የለመዱትን አገር ለቆ መሄድ እብደት ነው ብሎ አኩርፎናል። የተከራየነውን ቤት አስረክበናል። ባይሳካልን የምንመለስበት በር የለንም።

ረፋድ፣ ወልቂጤ

ቱሉ ቦሎ ላይ ጤፉ ታጭዶ ተከምሯል። ወሊሶን አልፈን ወልቂጤ ስንደርስ ነስሩ መኪናውን አቁሞ ወደሚያውቀው ቤት ወሰደን። ክትፎ በቆጮ፣ ጎመን፣ አይብ። ለወራት እንደዚህ በልቼ አላውቅም፤ ስንታየሁም ፊቴን አይታ ሳቀች።

ከወልቂጤ በኋላ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ግቤ ይወርዳል። ሙቀቱ እንደ ምድጃ ተቀበለን፤ ሹራቤን አወለቅኩ። ድልድዩን ተሻግረን ዳገቱን ስንወጣ አየሩ ተለወጠ። ሰኮሩ፣ አሰንዳቦ፤ አረንጓዴው እየጠቆረ፣ ዛፉ እየበዛ ይሄዳል። ስንታየሁ መስኮቱን ከፍታ በተማሪነቷ የወረደችባቸውን ፌርማታዎች ታሳየኛለች። እኔ የማየው የኤሌክትሪክ ምሰሶውን ነው። በየመንደሩ አዲስ ቆርቆሮ የለበሰ ቤት ባየሁ ቁጥር ሽቦ ገብቶለት ይሆን እላለሁ።

ጅማ፣ ሰቶ ሰመሮ

ጀምበር ሳትጠልቅ ገባን። አከራያችን አዴ ዘይነባ በር ላይ ቆመው ነበር። ዕቃው ሳይወርድ አቮካዶ በሳህን አቀረቡልን፤ አዲስ አበባ እየመረጥን የምንገዛው፣ እዚህ ግቢ ውስጥ ከዛፍ እየወደቀ ይበሰብሳል።

ረቡዕና ሐሙስ ከተማውን በእግራችን ዞርነው። ጊንጆ ጉዱሩ ያሉ ሱቆች፣ አወቱ መንደራ ያሉ ወርክሾፖች፣ መርካቶው። ሁሉም በደግ ፊት ሰላም ብለውን ያንኑ ነገሩን፤ ሲሚንቶ ተወዷል፣ ግንባታ ቆሟል። አርብ ማታ እራት አልበላ አለኝ። አዴ ዘይነባ ነገሩን ሰምተው፣ የጅማ ገንዘብ በዚህ ወቅት ያለው ቡና በሚለቀምበት ቦታ እንደሆነ ነግረው አጋሮ ወንድማቸው ዘንድ እንድንሄድ መከሩን። ወንድማቸው አባ ተማም በሚቀጥለው ሳምንት እሑድ ልጃቸውን ይድራሉ፤ አዲስ የሠሩት ቤት ግን መብራት የለውም።

ሰኞ፣ አጋሮ

ሚኒባሱ የቡ የምትባል ከተማ ላይ ቆመ፤ መንገድ ዳር በማድረቂያ አልጋዎች ላይ ቡና ተሰጥቷል፣ ሴቶች ጎንበስ ብለው ይለቅማሉ። ሽታው ጎምዛዛና ጣፋጭ ነው።

አባ ተማም ነጭ ኮፍያ ያደረጉ፣ ረጋ ያሉ አዛውንት ናቸው። የፈለጉት ለሠርጉ የሳሎኑና የበረንዳው መብራት ብቻ ነበር። ኮርኒሱ ውስጥ ገብቼ አየሁ። ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ሽቦውን እየቀጣጠለ በፕላስተር ብቻ ጠቅልሎት ሄዷል። ሠርግ ቤት ምድጃና ድምፅ ማጉያ ሲሰካበት ይግላል፤ ይቃጠላልም። ወርጄ ለስንታየሁ፣ ሁሉንም አውጥቼ እንደ አዲስ ካልዘረጋሁ አልነካውም በያቸው አልኳት። የመጀመሪያ ሥራዬ ከእጄ ሊወጣ እንደሚችል አውቃለሁ።

ስንታየሁ በኦሮምኛ ረዘም አድርጋ አወራች። ስለ ሙሽራዋ፣ ስለ እንግዶቹ የምትናገር ይመስላል። አባ ተማም ሰምተው ሲጨርሱ፣ አማርኛ አይችሉም ብዬ ነበርና፣ በጠራ አማርኛ፣

«ልጄ፣ እሱ ያለውንም አንቺ ያልሽውንም ሰማሁ። ያንቺ ይሻላል» አሏት።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «በል ጀምር። ግን ቅዳሜ ካልበራ ሠርጉን የምንሠርገው ባንተ ቤት ነው።»

ከማክሰኞ እስከ ቅዳሜ

እዚያው አደርን። እኔ ኮርኒስ ውስጥ፣ ስንታየሁ መሰላል ሥር። ሽቦ ታቀብለኛለች፣ የቱ ማጥፊያ የቱን መብራት እንደሚያበራ ከሙሽራዋ እናት ጋር ትወስናለች፣ በመሃል የሠርግ ሽንኩርት ትልጣለች። ኦሮምኛ መማር ጀመርኩ። «ገለቶማ» ብዬ ሳመሰግን ቡና ለቃሚዎቹ ሳይቀሩ ያርሙኛል።

ቅዳሜ ከሰዓት ሁሉም አለቀ። ቤተሰቡ ሳሎን ተሰበሰበ፤ ማብሪያውን ጫንኩ። አልበራም። ወደ ቆጣሪው ልሮጥ ስል ጎረቤት ከአጥር ማዶ የከተማው መብራት እንደጠፋ ነገረን። ተቀምጠን ጠበቅን። አባ ተማም መቁጠሪያቸውን ይዘው ጠበቁ። እኔ እያንዳንዱን ቋጠሮ በሐሳቤ እየዞርኩ ስፈትሽ ነበር።

ከዚያ ሳሎኑ፣ በረንዳው፣ ማድ ቤቱ፣ ጓዳው፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ቦግ አለ። ሴቶቹ እልል አሉ። አባ ተማም ክፍል ለክፍል እየዞሩ እያጠፉ አበሩ፤ መጨረሻ ላይ መጥተው ትከሻዬን ያዙና፣ «አልሐምዱሊላህ። ነገ ሠራተኛ ሆነህ እንዳትመጣ። እንግዳዬ ነህ» አሉኝ።

እሑድ፣ ሠርጉና መመለሻው

ገንፎ በቅቤ፣ የፍየል ሥጋ፣ ሩዝ። አባ ተማም እኔንና ስንታየሁን ከትልልቆቹ ሰዎች ጋር አስቀመጡንና ለጠየቃቸው ሁሉ «መብራቶቻችን ናቸው» እያሉ አስተዋወቁን። ምሳው ሳያልቅ አንድ የየቡ ነጋዴ አዲሱን መጋዘኑን እንድንዘረጋለት ጠየቀን፤ ሰኞ እንጀምራለን ተባባልን። ወፍጮ ቤት ያላቸው አንዲት እናትም ከየቡ ቀጥሎ የእርሳቸው እንዲሆን ስንታየሁን ቃል አስገቧት።

አመሻሹ ላይ የተሳፈርንበት ሚኒባስ በሠርገኛ ተሞልቷል። ሴቶቹ ድቤ እየመቱ ይዘፍናሉ። አዝማቹ ቀላል ስለነበር እኔም ያዝኩት፤ ባዶ ሜዳ ላይ እንዳለ ሰው ድምፄን ለቀቅኩት። እኔ በዘፈንኩ ቁጥር መኪናው ሙሉ ይስቃል። ስንታየሁ በሻርፗ እንባዋን ትጠርጋለች። ትርጉሙን የጠየቅኳት የጅማ መብራቶች ሲታዩ ነው።

«የያዝከው አዝማች የሙሽራ እናት የምትዘፍነው ነው» አለችኝ ሳቋን እየታገለች። «‹ልጄን ወሰዷት፣ ጡቴን ያጠባኋትን› ነው የምትለው።»

መኪናው በሙሉ ዞሮ አየኝ። ድቤው እንደገና ተመታ፤ እኔም ከመጀመሪያው ጀመርኩት።